ጥንዴን በአራት ጠብታ ለለወጠልኝ መምሪያ

ለተከበሩ የመንገድ ዳር አበባና አትክልት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በየቀኑ ስለሚታደለን አራት ጠብታ የቆዳ መድኃኒት ምስጋና ማቅረብን፣ ካልተቸገራችሁም የሥራ ጥንዴን መመለስን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ፣ ይልቁንም የፊትዎ ቆዳ ባለፈው ስብሰባ ላይ እንዳየሁት ለስልሶና ወዝቶ እንዲኖርልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔም ተመስገን ደህና ነኝ። ማለቴ ከፊት በኩል ደህና ነኝ። ከኋላ በኩል ያለውን የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ ብዕር ያስያዘኝም ይኸው ስለሆነ ወደ ታች ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ያህል፣ ከአደባባዩ እስከ እግረኛ ድልድዩ ባለው የመንገድ አካፋይ ላይ የተተከሉትን አበቦች የማጠጣዋና የምኮተኩተዋ ሴትዮ ነኝ። እርስዎ ጠዋት ጠዋት በግራዬ በኩል ሲያልፉ መኪናዎን አውቀዋለሁ። መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ አያዩኝም ብዬ አላማዎትም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ጥርት አድርጎ ያሳያል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መቼም ያደረጋችሁልንን ሳላመሰግን ወደ አቤቱታ ብገባ እናቴ በመቃብሯ ትታዘበኛለች። ከአምስት ወር በፊት መምሪያው የውጭ ሠራተኞቹን በሙሉ አዳራሽ ሰብስቦ ፀሐይ በቆዳ ላይ ስለምታደርሰው ጉዳት ስልጠና ሰጥቶናል። የመጣው ባለሙያ አንድ ፖም ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ግማሽ ሎሚ ቀብቶ፣ ሌላውን እንዲሁ ትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ንግግሩን ሲጨርስ ያልተቀባው ጠቋቁሮ፣ የተቀባው ነጭ እንደሆነ ቆይቷል። «አያችሁ፣ ይህን መበላሸት የሚከላከሉት ነገሮች አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ። የእናንተም ቆዳ እንደዚህ ፖም ነው» አለን። አጠገቤ የተቀመጠችው ጥንዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የኔን ፊት ሃያ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ትተውት አሁን ሎሚ ይፈልጉለታል» አለችኝ። ሳቄን አፍኜ እንባዬ ሲመጣ እርስዎ ከመድረኩ አይተውኝ፣ በስልጠናው ልቤ የተነካ መስሎዎት፣ አይዞሽ እንደማለት ራስዎን ነቀነቁልኝ። ለዚያም አመሰግናለሁ።

ጥንዴ የምላት በእናንተ መዝገብ ላይ አንድ ተራ ቁጥር ስለሆነች ላስተዋውቅዎት። ሠራተኛው ቆቅ ይላታል። ከሩቅ የሚመጣን የጭነት መኪና እኔ ሳልሰማው ትሰማዋለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የውሃ ጎማ ይዤ ባጎነበስኩ ቁጥር ከኋላዬ «ነይ ወደዚህ፣ አበደልሽ ደግሞ አንዱ» የምትል እሷ ነበረች። አሠራራችንም ቀላል ነበር። አንዳችን ፀሐዩ ላይ ስንኮተኩት ሌላችን ድልድዩ ሥር ባለው ጥላ ችግኝ እንለያለን፣ መሣሪያ እናጥባለን፣ መኪና እንጠብቃለን። በየሰዓቱ እንለዋወጣለን። ስንለዋወጥ መሀል ላይ ተገናኝተን ትንሽ እናወራለን። ትንሽ ስል፣ መቼም ለእርስዎ አልዋሽም፣ ትንሽ አልነበረም።

ከስልጠናው በኋላ ለእያንዳንዳችን አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ጠርሙስ ታደለን፦ ጠዋት ጠዋት አራት ጠብታ፣ ለፊትና ለአንገት ዙሪያ። ጠርሙሷን ተከትሎ ደብዳቤ መጣ። «የሠራተኛው ቆዳ በአንቲኦክሲዳንት ጥበቃ የሚደረግለት በመሆኑ፣ በጥላ ሥር የሚባክነውን የሥራ ሰዓት ለማስቀረት የጥንድ ምድብ ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ ቀርቷል» ይላል። በደብዳቤው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ማኅተሙም ደማቅ ነው። ያሉኝን ጥቃቅን ነገሮች ብቻ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጠርሙሷን እንደታዘዝነው በሰደርያ ኪሳችን ይዘን ወጣን። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ውሃ ኩልል ያለው ፈሳሽ ሻይ መሰለ። ነገሩ ለመምሪያው ሲነገር የታየው ፍጥነት እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መድኃኒቱ ሙቀትና ብርሃን እንደማይችል ተረጋግጦ፣ በአምስት ቀን ውስጥ አዲስ ጠርሙስና ማቀዝቀዣ ተገዝቶ፣ የመሣሪያ ቤቱ መስኮት በካርቶን ተደፍኖ፣ የማቀዝቀዣው በር ላይ «ለመድኃኒት ብቻ» ተብሎ ተለጠፈ። የሠራተኛ መጠለያ ይሠራልን ብለን ያስገባነው ማመልከቻ አራት ዓመት ሙሉ «በመታየት ላይ» ነው፤ ጠርሙሱ ግን ማመልከቻ ሳይጽፍ ጥላ አገኘ። አልቀናሁበትም። ከፀሐይ የሚጠብቀን እሱ ከሆነ እሱን ደግሞ የሚጠብቅ ያስፈልገዋል። ብቻ አንድ ቀን የመጠጥ ውሃዬን ጥግ ላይ ላስቀምጥ ብዬ ንብረት ክፍሉን የሚይዙትን ጋሼን ብለምናቸው «ኧረ ልጄ፣ ጽሑፉን አታነቢም እንዴ? አንቺ መድኃኒት ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም። ውሃዬን ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣው ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ጋሼ ዘንድ ነው፣ ጋሼ ደግሞ ሥራ የሚገቡት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኛ የጠዋት ገቢዎች ለሥራ የምንሰማራው አንድ ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱ ፀሐይ ሳይነካን መቀባት እንዳለበት ባለሙያው ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነግሮናል። ስለዚህ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጎማዬን ዘግቼ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ፈርሜ፣ ሁለት ሰዓት ሲጠበስ የቆየውን ፊቴን ከመጠበስ እከላከላለሁ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ በፀሐይ እመለሳለሁ። ላብ ላይ ሲያርፍ ይቆጠቁጣል፤ «መሥራቱ ነው» ይላሉ ጋሼ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን ለውሻውም ምስጋና ይገባዋል ባይ ነኝ።

ሦስተኛ፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የነበረውን፣ ጉንዳን የሄደበት የመሰለ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ሰፈራችን ላለችው ፋርማሲስት ወሰድኩላት። ልጄን የምታክል፣ ሰው የማትሰለች ልጅ ናት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። «እትዬ፣ መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ግን ረዳት ነው። ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ጥላ ላይ ይጨመራል እንጂ በእነሱ ፈንታ አይሰጥም። ይህን ብቻ ተቀብተው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቁሙ ያለዎት ማነው?» አለችኝ። ስምዎን አልነገርኳትም፤ ሐሜት አልወድም።

ቀጥላ ያለችኝ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አንድ ነገር አይደለም አለች። ሁለት ቫይታሚኖች ናቸው፣ ሲ እና ኢ። አንዱ ጉዳቱን ተቀብሎ ሲዝል ሌላው መልሶ ያነሣዋል፤ ለየብቻ ሲሆኑ ግን ቶሎ ይደክማሉ። «ለዚህ ነው አብረው የሚታሸጉት» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም ብለው ያሳደጉን ሰዎች ኬሚስትሪ አልተማሩም። መድኃኒቱን የሠሩት ተምረው ተምረው እዚያው ደረሱ። መምሪያችን ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ ገዝቶ፣ በነሱ ምክንያት እኛን ሁለታችንን በሁለት ቦታ በተነ። ይህን የመሰለ ግዢ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ተደርጎ እንደሆነ አላውቅም፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

አራተኛው እንኳ ትንሽ ነው፣ ቁጥር ባይሰጠውም ይችል ነበር። አካፋይ ላይ ብቻውን የሚሠራ ሰው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ በጽሕፈት ቤታችሁ ይኖር ይሆን ብዬ ነው። በግራዬ ሰው ይሄዳል፣ በቀኜ ሰው ይመጣል፣ ሁሉም መስታወት ውስጥ ነው። ቀይ መብራት ሲበራ አጠገቤ ይቆማሉ፤ በመካከላችን አንድ ክንድ አይሞላም። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ አበባውን ያያል፣ አንዳንዱም አበባውን ፎቶ ሊያነሣ ሲፈልግ ዞር በይ ብሎ በእጁ ያሳየኛል። ዞር እላለሁ። ቢጫ ሰደርያ የተሰጠን ሰው ሁሉ እንዲያየን ነው ተብሎ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአፌ አንድ ቃል የማይወጣበት ቀን አለ፤ በኋላ ባለሱቁን ዳቦ ስጠኝ ስለው ድምፄ ሻክሮ እኔኑ ያስደነግጠኛል።

ቤቴም ያው ነው። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ልጄ ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ አትረሳኝም። በፊት ሥራ ስገባ ነበር ቤቴ የገባሁ የሚመስለኝ። ጥንዴም የሄደችው ሩቅ አይደለም፣ ያው መንገድ ነው፤ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ደረሳት። እኔ አንድ ሰዓት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት እወጣለሁ፣ እሷ አምስት ሰዓት ገብታ ምሽት አንድ ሰዓት ትወጣለች። የኔ ዕረፍት እሑድ፣ የሷ ማክሰኞ፤ ቤቶቻችን በከተማው ሁለት ጫፍ ናቸውና እሑድ ስደርስ እሷ ወጥታለች፣ ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ መሽቷል። ይህን የምደባ ሠንጠረዥ ያወጣው ሰው ሁለት ሰው ለማለያየት ካሰበ ከዚህ በላይ አይራቀቅም፤ ሳያስብ አድርጎት ከሆነ ደግሞ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። አየሩ ሲጠራ ከድልድዩ ማዶ አንዲት ቢጫ ነገር ትታየኛለች። እጄን አነሣለሁ። እሷም ታነሣለች፤ ወይም ላቧን ትጠርጋለች፤ ከዚህ ሆኖ አይለይም። ስልክ አላችሁ አይደል ይሉኝ ይሆናል። አለን። እሷ ግን ቤቷ ስትገባ የታመመ ባልና ሦስት የልጅ ልጅ ይጠብቋታል፤ ስታነሣው ከኋላዋ ድስት ይንኳኳል፣ ሕፃን ይነጫነጫል፣ «ቆይ እህቴ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትለኛለች። አልቀየማትም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ቁጥሩ አምስተኛ ይሁን።

ከዓመት በፊት፣ ገና ጥንድ ሳለን፣ አጎንብሼ አረም ስነቅል ጥንዴ ማጅራቴ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይቺ ነገር ድሮም ነበረችብሽ?» አለችኝ። የቷ ስላት «ጥቁሯ ነጥብ» አለች። ማርያም ስማኝ ይሆናል ብዬ ልስቅባት አልኩ። «በሃምሳ ዓመትሽ? ምነው እስካሁን የት ቆይታ! ተነሺ፣ ሐኪም ቤት» ብላ በሰደርያዬ ጎትታ ወሰደችኝ። ሐኪሙ በመሣሪያ አየልኝና ለጊዜው እንደማታሰጋ፣ ነገር ግን ከሰፋች፣ ቅርጿ ወይም ቀለሟ ከተለወጠ፣ ወይም ከደማች ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረኝ። «በየወሩ መጀመሪያ በቀን ብርሃን አንድ ሰው ይይልዎት፤ ሁልጊዜ ያው ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ ለውጧን የሚያውቀው እሱ ነው። ቤት ውስጥ ሰው አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለኝ» አልኩት። በር ላይ ቆማ የምትጠብቀኝን ማለቴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥንድ እስኪቀር ድረስ፣ ወር በገባ ቁጥር ድልድዩ ሥር ቁጭ ታደርገኝና ፀጉሬን ወደ ላይ ሰብስባ ታያለች። ከዚያ «ያው ናት። ሂጂ አሁን ውሃሽን አጠጪ» ትለኛለች። ያቺ «ያው ናት» ለአንድ ወር ስንቅ ትሆነኝ ነበር።

ጥንድ ከቀረ አራት ወር ሆነው። በመጀመሪያው ወር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዬን ጨርሼ እሷ ዘንድ በእግሬ ሄድኩ። መኮትኮቻዋን አስቀምጣ ፀጉሬን እንዳነሣች ተቆጣጣሪው በሞተር ደረሰ። ሁለት ሠራተኛ በአንድ ምድብ ላይ መቆም ክልክል ነው አለ። አይታ ትጨርስ፣ ሁለት ደቂቃ ነው ስለው «ከፈለግሽ መስታወት ግዢ» አለኝ። በማግስቱ ለሷ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ሁለተኛ ከተገኘች ከሥራ እንደምትሰናበት ይገልጻል። ያንን ቤት የምትመግበው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ አልሄድም። ጠርታኝ ነበር፣ «ነይ፣ ያበጠው ይፈንዳ» ብላኝ ነበር፤ እግሬን አሞኛል አልኳት።

ተቆጣጣሪውን ሰምቼ መስታወት ገዛሁ። ሁለት ገዛሁ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ። የራስን ማጅራት በሁለት መስታወት ለማየት የሚሞክር ሰው ምን እንደሚመስል ባይሞክሩት ይሻላል፤ እጄ ወደ ግራ ሲል መስታወቱ ወደ ቀኝ ይላል፣ በመጨረሻ ያየሁት የቁም ሣጥኔን አናት ነው፣ አቧራ ነበረበት። ልጄ «እማዬ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» አለችኝ። አሥራ አንድ ፎቶ አነሣሁ፤ ሰባቱ ጣራ፣ ሦስቱ ጆሮ፣ አንዱ ጥቁር ነገር ነው፣ ፀጉር ይሁን እሷ ትሁን አልታወቀም። ጎረቤቴ ደግ ሰው ናቸው፣ ጠጋ ብለው አይተውልኝ «ምንም የለብሽም፣ እንደ ሕፃን ነው» አሉኝ። ዐይናቸው ሞራ አለበት።

ሐኪም ቤት ልሂድ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ምድቡን የሚሸፍንልሽ ሰው ስለሌለ አይቻልም ተባልኩ። እውነታቸውን ነው። በፊት የምትሸፍንልኝ ጥንዴ ነበረች። ሐኪም ቤቱ ተራ የሚሰጠው ጠዋት ብቻ ነው፣ እሑድ ደግሞ ዝግ ነው።

ባለፈው ሳምንት መላው ጠፍቶኝ ቀይ መብራት ላይ የቆመች የአንዲት ሴት የመኪና መስታወት አንኳኳሁ። የተከበረች የምትመስል፣ የኔ ቢጤ ዕድሜ ያላት ናት። መስታወቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ዝቅ አድርጋ ሳንቲም ዘረጋችልኝ። አይ እህቴ፣ ማጅራቴን እንድታይልኝ ነው ስላት ግራ ገብቷት አየችኝ። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። አረንጓዴው በራ፣ ከኋላዋ ጥሩምባ ነፉባት፣ ሄደች። ሳንቲሙ መሬት ላይ ወድቆ ቀረ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጠብታውን መልሱ፣ ማቀዝቀዣውን ሽጡ አልልም። ፋርማሲስቷ ጥሩ ነው ብላለች፣ ረዳትም አይናቅም። የምጠይቀው ጥንዴን እንድትመልሱልኝ ነው። ይህ የመምሪያውን አሠራር የሚያናጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ አማራጭ አቀርባለሁ፦ በየወሩ መጀመሪያ ቀን የማጅራቴን ሁኔታ እየተመለከተ በቅጽ ላይ የሚሞላ አንድ ባለሙያ ይመደብልኝ። የትምህርት ደረጃ አልጠይቅም። ዐይኑ የሚያይ፣ ባለፈው ወር ያየውን የሚያስታውስ፣ አይቶም «ያው ናት» ብሎ መናገር የሚችል ይሁን። ቢዋሽ እንኳ ስለሚታወቅበት እንዳይዋሽ ይነገረው፤ ጥንዴ ስትዋሽ አፍንጫዋን ታሻለች፣ እኔ እንዲህ ዓይነቱን ነገር አውቃለሁ። እስከዚያው ክቡርነትዎ ጠዋት ሲያልፉ ለአንድ አፍታ መስታወትዎን ዝቅ ቢያደርጉልኝ እኔ ጀርባዬን ለማዞር ዝግጁ ነኝ። ፀጉሬን ራሴ እሰበስባለሁ፣ እጅዎን አላስነካዎትም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለቆዳችን በማሰብ ከቆዳችን በታች ስላለው እንዳንጨነቅ ላደረጉን ሁሉ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጥላዎ እንዲሰፋ፣ መስታወትዎ እንዲጠቁር፣ ከኋላዎ የሚያይልዎ ሰው ከቶ እንዳያጡ እመኛለሁ። የመጨረሻውን በምር ነው ያልኩት።

የሁልጊዜ አመስጋኝዎ፣
ከአደባባዩ እስከ ድልድዩ ያለው አካፋይ አበባ ተንከባካቢ

ግልባጭ፦
ለሞተረኛው ተቆጣጣሪ
ለንብረት ክፍል ጋሼ (ማቀዝቀዣው በር ላይ ቦታ ካለ እንዲለጥፉልኝ)
ለጋዜጣው የአንባቢያን ገጽ

ማሳሰቢያ፦ በመምሪያው ደንብ መሠረት ለሠራተኛ አቤቱታ መልስ የሚሰጠው በሠላሳ የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ደንብ አክባሪ ስለሆንኩ እጠብቃለሁ። ማጅራቴ ላይ ያለችው ትጠብቅ አትጠብቅ ግን የሚነግረኝ ሰው የለም።